የእናቴ የታች ጥርስ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ እዚህ ኸሪፍ የምንለው የዝናቡ ወራት አልፎ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይተናል። ቢሆንም ኬላ ላይ ወታደር የሰው መታወቂያ ተቀብሎ ቀና ብሎ ፊቱን ሲያይ እኔ እስከ ዛሬ ፊቴን አዞራለሁ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ገበያ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። የምኖረው ከእናቴ ከዘምዘም ጋር ነው። በመተማ በኩል ተሻግረን እዚህ አገር ስንገባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ሠላሳን አልፌያለሁ። መጀመሪያ የተቀመጥነው ኡም ጋርጉር በሚባል የስደተኞች ሰፈር ነው። እዚያ እያለን እናቴን ጥርሷን ያማት ጀመር። ያን ጊዜ እኛ የምናውቀው መድኃኒት መንቀል ብቻ ነበር። አንዱ ሲነሳባት አንዱን፣ ሌላው ሲነሳባት ሌላውን እያስነቀለች በጥቂት ዓመት ውስጥ አፏ ባዶ ቀረ። «ተገላገልሁ» አለች። ምግቧን ወጥ ውስጥ አርሳ እየዋጠች ኖረች። ፊቷ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲለወጥ እኔ አላስተዋልኩም። በየቀኑ የማየውን ፊት ምን ብዬ ልብ ልበለው?

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል ታላቅ እህቷ ሀሊማ ከሁመራ በኩል በሐምዳይት ተሻግራ ወድ ኤል ሒለው የሚባል ከተማ ገባች። ከሃያ ዓመት በላይ አልተያዩም። በስልክ ሲገናኙ ሁለቱም አለቀሱ። እናቴ በማግስቱ ልትሄድ ተነስታ ነበር፤ ዝናቡ ግን ቀደማት። የእኛ አገር ጥቁር አፈር ከረጠበ መኪና ይውጣል።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሱቄ መጥታ ደንበኞቼ ልብስ የሚለኩበት መስታወት ፊት ቆማ ቆየች።

«ልጀ፣ ጥርስ አሠሪልኝ» አለችኝ። «እታለም እንዲህ ሁኘ እንድታየኝ አልሻም።» እታለም የምትላት ሀሊማን ነው።

ገበያው አጠገብ ኢድሪስ የሚባል ጥርስ ሠሪ አለ። ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሊጥ የመሰለ ነገር አስነክሶ የድዷን ልክ ወሰደ፤ ከዚያ በጄሶ አወጣው። በሌላ ቀን ስንመለስ የሌላ ሰው ጄሶና የእናቴን ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። የሌላው ሰው ድድ ዙሪያውን ከፍ ያለ ነው። የእናቴ የታችኛው ግን ሜዳ ነበር፤ እንዲያውም በአንዳንድ በኩል ጎድጉዷል።

በዐረብኛ አስረዳኝ። «አጥንቱን የሚያኖረው ጥርሱ ነው። ጥርሱ ከተነቀለ አጥንቱም ዓመት በዓመት እየሟሟ ይሄዳል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። የላዩ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ ይይዛል። የታቹ ግን የሚይዘው ነገር የለውም፤ ምላሷ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያነሳዋል።»

«አጥንት ውስጥ ብሎን ተክለው የሚያስሩትስ?» አልኩት።

«ለብሎኑም አጥንት ያስፈልገዋል። የእሷ ሳስቷል፤ ስበሳው ቢሰበርብኝስ?»

እናቴ ዐረብኛው ፈጥኖባት እኔን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «ምን አለ?» አለችኝ።

«ይሠራል፣ ግን መልመድ ይፈልጋል አለ» አልኳት። አጥንትሽ አልቋል ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ኢድሪስ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። የታቹን በጉንጯ በኩል ሰፋ አድርጎ ሠራው፣ ምላስና ጉንጯ ከሁለት ወገን እንዲደግፉት። ጥርሶቹንም ስታኝክ እንዳይገፉት አነስና ጠፍጠፍ አደረጋቸው። አድርጋው አፏን ስትዘጋ ደነገጥኩ። ጉንጯ ሞላ፣ የተጠጋጉት አፍንጫዋና አገጯ ተራራቁ። የልጅነቴ እናት ቁጭ ብላለች። ስትናገር ግን የታቹ ብድግ ይላል። «ሳምንታት ይፈጃል፤ ሐጃ፣ ምላስዎን ዝቅ አድርገው መናገር ይለማመዱ» አላት።

በወሰድነው በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የሀሊማ ልጅ ደወለች። «እናቴ ታማ ነበር፤ አሁን ጠንቶባታል። ስምሽን ነው የምትጠራ። ድረሽልን» አለቻት።

ለመሄድ ተስሪሕ የሚሉት የመንገድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ለማውጣት ደግሞ ቢጣቃ፣ ማለትም የስደተኛ መታወቂያ ይታያል። የእናቴ ቢጣቃ ሲታደስ የሚለጠፍበት ያው የድሮ ፎቶዋ ነበር፤ እዚህ አገር እንደገባን የተነሳችው፣ ጥርሷ ሙሉ እያለ። ስለዚህ አዲሱን ጥርስ አድርጋ ወጣች።

ፈቃድ የሚሰጠው መኮንን ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ።

«ስምሽ?»

ልመልስ ስል በእጁ አስቆመኝ። «እሷ ትናገር። በሰው ቢጣቃ የሚሄድ በዝቷል።»

እናቴ አፏን ከፈተች። የታቹ ጥርስ ተነስቶ ከንፈሯ ላይ መጣ፤ በመዳፏ ያዘችው። ገፍታ መለሰችውና እንደገና ሞከረች። የወጣው ፉጨት የመሰለ ድምፅ ነው። ከኋላችን ከተሰለፈው ሰው አንዱ ሳቀ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ዞር ብላ ሁለቱንም አወለቀችና በልብሷ ጫፍ ጠቅልላ ተመለሰች። «ዘምዘም ሙሐመድ» አለች፤ ጥርት አድርጋ። የአባቷን፣ የአያቷን፣ የገባችበትን ቦታ፣ ሁሉንም በተሰባበረው ዐረብኛዋ ነገረችው።

መኮንኑ ብዕሩን አስቀመጠ። ፎቶውን ወደ ፊቷ አስጠጋ።

«ይህች ሌላ ሴት ናት» አለኝ።

«አሁን ያዩዋት እኮ ናት!»

«ፎቶዋን የምትመስለው አትናገርም። የምትናገረዋ ደግሞ ፎቶዋን አትመስልም። በየቷ ልፈርም?»

እህቷ እየሞተች መሆኑን ነገርኩት፤ ለመንኩት። እናቴ ይህን ጊዜ ጥርሱን መልሳ አደረገች። አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋችና በጣቷ ፎቶውን ነካች፤ ከዚያ የራሷን ደረት። ደግማ ፎቶውን፣ ደግማ ደረቷን።

መኮንኑ ዓይኑን ሰበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። «የሐኪም ወረቀት አምጡ» አለ ቀስ ብሎ።

እየሮጥኩ ኢድሪስ ዘንድ ሄድኩ። የያዘውን ሥራ ጥሎ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈልኝ፤ አጥንት ያለውንና የሌለውን መንጋጋ ጎን ለጎን ሥሎ ማኅተሙን መታበት። ስመለስ ቢሮው ተዘግቷል። ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ ሥራ የለም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደወልን። የሀሊማ ልጅ ስልኩን ከእናቷ ጆሮ ላይ አደረገችላት። እናቴ ጥርሷን አውልቃ «እታለም፣ እኔ ነኝ። እየመጣሁ ነው» አለች። ትንፋሽ ብቻ ነው የሰማነው። ሀሊማ ቅዳሜ ቀትር ላይ አረፈች።

እሑድ መኮንኑ ወረቀቱን አነበበ፤ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ወስዶ አየው፤ ፈረመ። «ሕመምተኛዋ እንዴት ናት?» አለን። «ቀበሯት» አለችው እናቴ። ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ፤ «አላህ ይርሐማት» አለ። ፈቃዱን ተቀብለን ወጣን።

ሰኞ ወድ ኤል ሒለው ደረስን። ለቅሶው ላይ ከሁመራ በኩል የመጡ፣ እናቴን በወጣትነቷ የሚያውቋት ሁለት ሴቶች ነበሩ። ያለ ጥርሷ ስትገባ ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ሀሊማ ልጅ ዞረው «ይህች ማን ናት?» አሉ። እናቴ ሰምታለች። ስሟን ነገረቻቸው፤ ያን ጊዜ ነው ተነስተው ያቀፏት።

ስንመለስ ቦክስ በምንላት ፒካፕ መኪና ላይ ከኋላ ተቀምጠናል። ግማሽ መንገድ ያህል ሄድን። ከዚያ ድንገት፣

«እታለም ብታየኝ ታውቀኝ ነበር?» አለችኝ።

«እንዴታ!» አልኳት ወዲያው። ፊቷን ወደ ማሽላው እርሻ አዞረች።

የታቹን ጥርስ ከዚያ ወዲህ አድርጋው አታውቅም። እኔም እንድታደርገው ብዬ አላውቅም። አንዳንዴ መኮንኑን ልቆጣው እፈልጋለሁ፤ ቁጣው ግን አይመጣልኝም፤ ያየውን ነው የተናገረው። አንዳንዴ ራሴን፣ አጥንቱ ሳያልቅ ለምን አላሠራሽላትም እላለሁ፤ አጥንት እንደሚያልቅ ግን ማን ነግሮኝ ነበር? ከሁሉ የሚከብደኝ ያ «እንዴታ» ነው። ሳላስብ ነው ያልኳት፤ እሷም ገብቷታል። ሌላ መልስ ልሰጣት ብዙ ጊዜ ፈልጌያለሁ። መልሱን የምታውቀው ግን ሀሊማ ብቻ ነበረች።