ቺፑ ያኮረፈባቸው ሦስት ሳምንታት

ቤተ ሙከራው ውስጥ ከዋናው ተመራማሪ እስከ ጥበቃው ድረስ «እቴቴ» ነው የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው፤ ከጥፍር የማይበልጥ ቺፕ በረጅም ዘንግ ጫፍ አስሮ እጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሂሊየም የሞላው ጋን ውስጥ ቀስ አድርጎ ማውረድ። ቺፑ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን መጋጠሚያዎች ተሰልፈዋል። ያ የጉድ ብርድ ሲይዛቸው ሁሉም በአንድ ምት ማይክሮዌቭ ያመነጫሉ፤ ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ሞገዱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ጎረቤቶቿ ግን ማይክሮዌቭ ሲባል የሚታያቸው ምግብ ማሞቂያው ብቻ ነው፤ የተበላሸባቸውን ተሸክመው ይመጡባታል።

ታዲያ ቺፑ አኮረፈ። እሷ ስታወርደው መለኪያው ላይ የሚታየው የሞገዱ ምልክት ይንቀጠቀጣል፣ አብሯት የሚሠራው ወጣት መሐንዲስ ሲያወርደው ቀጥ ይላል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሲሆን ዋናው ተመራማሪ፣ «እቴቴ፣ ከሰኞ ጀምሮ መዝገብ ቤት ብትሆኚልን ምን ይመስልሻል?» አላት። እጄ አበቃለት ማለት ነው፣ ብላ አንገቷን ደፋች።

የግራ እጇን አንጓ በእርግጥ ይቆረጥማታል። ልብስ ሰፊው ባሏ «ልዩ ኃይል አለው» ተብሎ የተሸጠለትን የመዳብ አምባር ከሦስት ሳምንት በፊት ያጠለቀላትም ለዚሁ ነበር። «ተሸወድክ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!» ብላ ብትስቅበትም አላወለቀችውም።

ዓርብ ዕለት መሳቢያዋን ስታጸዳ አንዲት የወረቀት ክሊፕ ብድግ ብላ አምባሩ ላይ ተለጠፈች። እቴቴ ክው አለች። ለካ መዳቡ ውስጥ ማግኔት ኖሯል! ቺፑ ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ማግኔት ካለ የማግኔቱን ኃይል ወደ ውስጥ አጥምዶ ያስቀራል፣ መጋጠሚያዎቹም መግባባት ያቅታቸዋል። ይህን ለስንቱ አዲስ ገቢ ያስተማረችው ራሷ ናት። ዘንጉን ስታወርድ ደግሞ ግራ እጇ የጋኑን አንገት እንዳቀፈ ነው።

አምባሩን አውልቃ ኮሪደር ላይ አስቀመጠችና ያጠመደውን እንዲለቅ ቺፑን አሙቃ እንደገና አወረደችው። ምልክቱ ቀጥ አለ። ቮልቴጁን ስታዞር ሞገዱ እንዳዘዘችው ሄደላት።

«ይቅር በይኝ፣ እቴቴ። የመዝገብ ቤቱን ነገር እርሺው» አላት ተመራማሪው። እሷ ግን እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ቤት ገብታ ለባሏ ስትነግረው ቅር እንዳይለው ፈርታ ነበር። እሱ መቀሱን አስቀመጠ።

«ቆይ ቆይ፤ ኃይሉ የጋን ግድግዳ ካለፈማ የሸጠልኝ ሰውዬ አልዋሸኝም!»

ስቀው ሲያበቁ አንጓዋን ያዘ። «አሁንም ያምሻል?»

«ያመኛል» አለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማንም ያልተነፈሰችውን።

በሁለት እጁ ያሽላት ጀመር።

«ጠበቅ አድርገህ እንጂ» አለችው፤ «ሰኞ ሥራ አለብኝ።»