የተበጠሰው ገመድ ፎቶ

ካሜራ የያዝኩት ፊደል በቆጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ደግሞ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ አሰብ ወደብ ውስጥ፣ የስንዴ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ደርግ መሠረተ ትምህርት ብሎ አወጀና እኛን የወደብ ሠራተኞችን ከሥራ ስንወጣ መጋዘን ውስጥ እየሰበሰቡ አስተማሩን። ውለታውን አልክድም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልረሳም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴት የማይወድ ሰው ከዚሁ ይመለስ።

ካሜራዋን ያገኘሁት ከአንድ መርከበኛ ነው። እሱ የፍየል ቆዳ ምንጣፍ ፈለገ፣ እኔ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን ዕቃ ፈለግሁ፣ በምልክት ተስማማን። የሩሲያ ነች፤ ብረት፣ ከባድ፣ የቆዳ ማኅደር ያላት። አሠራሯን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ፎቶ ቤት የነበረው ሰውዬ። ሙያውን ከጣልያን እንደተማረ ለሁሉም ይናገራል። ሙያውን ግን ለማንም አይናገርም።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ያሳዩኝ» አልኩት።

በመስኮቷ አየና ካሜራዋን መለሰልኝ። «መሐሏ ላይ ቢጫ ነገር ይታይሃል? እዚያ ውስጥ ሰውየው ሁለት ሆኖ ይታያል። ቀለበቷን አዙር። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ተጫን። አለቀ።»

«ይኸው ነው?»

«ሌላ ምን ፈለግህ? ዲግሪ ልስጥህ?»

አመስግኜ ወጣሁ። ማመስገኔ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ፊልም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሦስት ወር ባዶዋን ተለማመድኩ። እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ሜዳ እሄድና የሾፌሮቹንና የረዳቶቹን ምስል ሳጋጥም እውላለሁ። የሰው ፊት አስቸጋሪ ነው፤ የገጠመ ይመስልና ያታልላል። ፊደል ግን ጫፍ አለው። ታርጋ ላይ ወይም የመኪና በር ላይ ያለ ጽሑፍ ሲገጥም ቁልጭ ይላል። ስለዚህ ሰው ላነሣ ስፈልግ ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ ጽሑፉን ካጋጠምኩ ሰውየውን አነሣለሁ።

«ኧረ ፎቶግራፈሩ መጣ!» ይላሉ ሾፌሮቹ። «ታርጋዬን አንሣልኝማ፣ ሚስቴን ናፍቋታል!»

ይሳቁ። እኔ እየተማርኩ ነበር። ቀትር ላይ መሬቱ እንደ ውኃ ስለሚንቀሳቀስ ምስሉ አይገጥምም፤ በጠዋት መሄድ ለመድኩ። ረዳት ከመኪና ሲዘል ለማንሣት፣ የሚያርፍበትን ድንጋይ ቀድሜ አጋጥሜ እጠብቃለሁ፤ እግሩ ድንጋዩን ሲነካ እጫናለሁ። ይህን ማንም አላሳየኝም። የመጀመሪያው ፊልም ሲታጠብ ከሠላሳ ስድስቱ ሠላሳው ጥርት ብሎ ወጣ። ሰውየውም ታርጋውም፣ ከኋላ ያለው ግመልም ሳይቀር ጥርት ብሏል። እኔም አንድ ነገር አመንኩ፤ መስኮቷ ውስጥ የሆነ ነገር ከገጠመ ፎቶው በሙሉ ጥሩ ነው ብዬ። ያታለለችኝ የአሰብ ፀሐይ ናት። በዚያ ብርሃን የካሜራዋ ቀዳዳ እጅግ ጠብቦ ስለሚነሣ፣ አምስት ስድስት እርምጃ ላይ የቆመ ሰው ከነጓዙ ይጠራል። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያን ጊዜ የሚያውቀው ፎቶ ቤቱ ነበር።

አንድ ጠዋት ወደብ ውስጥ ጭነት የሚያነሣው ዊንች የብረት ገመድ ተበጠሰ። ሃያ ጆንያ ያህል ስንዴ ከአየር ላይ ወርዶ የአንድ ተሸካሚ እግር ሰበረ። ዊንቹን የሚነዳው ከወሎ አብሮኝ የመጣ ጓደኛዬ ነበር፤ በአንድ ጎጆ ውስጥ ስድስት ዓመት የኖርን። ገመዱ እየሞተ መሆኑን ለካቦው፣ ለአለቃችን፣ ሦስት ጊዜ ሲነግረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ካቦው የሚመልስለት አንድ ቃል ነበር፦ «ግራሶ ቀባው።»

የወደቡ ካድሬ መጣ፣ የፈሰሰውን ስንዴ አየ፣ የተሰበረውን እግር አላየም። «ይሄ አሻጥር ነው» አለ።

በዚያን ዘመን ስንፍና ከተባለ ደመወዝ ይቆረጣል፤ አሻጥር ከተባለ ሰው ይቆረጣል። ስብሰባ ለማግሥቱ ከሰዓት ተጠራ። ጓደኛዬ በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሳበኝ።

«ገመዱን መጋዘኑ ፊት ያለው ምሰሶ ላይ ሰቅለውታል። ጫፉን አየሁት። ዛሬ የተቆረጠ ብረት ያብረቀርቃል፤ የዚህ ግን ውስጡ የከረመ ዝገት ነው። ነገ በጠዋት አውርደው ይወስዱታል። ያቺን ዕቃህን አምጣና አንሣልኝ።»

«ወደብ ውስጥ ካሜራ ይዤ ቢያገኙኝስ?»

«እኔን አግኝተውኝ የለም እንዴ?»

ቤት ሮጥኩ፣ ካሜራዋን ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትቼ፣ ላይዋን በዳቦ ሸፍኜ ተመለስኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ዳቦውን አይቶ «ብቻህን ልትበላ?» አለኝና አሳለፈኝ።

ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ወድቋል። ምሰሶው ጋ ደረስኩ። ዝገቱ የሚታየው ክሮቹ መሐል ስለሆነ፣ ሁለት ስንዝር እስኪቀረኝ ድረስ ተጠጋሁ። በመስኮቷ ሳይ ገመዱ ሁለት ነው። ቀለበቷን አዞርኩ፤ አሁንም ሁለት። እስከ መጨረሻው አዞርኩ፤ አሁንም ሁለት። ጨው በልቷታል ብዬ ተራገምኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ከመጋዘኑ በስተጀርባ የሰው ድምፅ ይሰማኛል። እንደ ልማዴ ጽሑፍ ፈለግሁ። ከገመዱ ኋላ፣ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር አለ፦ «አሻጥርን ነቅተን እንጠብቅ!» እሱን አጋጠምኩት። ቁልጭ አለ። ተጫንኩ። አራት ጊዜ ተጫንኩ፤ አራቱንም እንደዚያው።

ፊልሙን በዚያው ማታ ሰጥቼ በማግሥቱ ከስብሰባው በፊት ፎቶ ቤት ስሄድ፣ ገመዱ ከምሰሶው ተነሥቶ ዊንቹ ላይ አዲስ ገብቷል። አሮጌውን የት እንደጣሉት ባሕሩ ይወቅ።

ሰውዬው ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ። መፈክሩ ከነቃል አጋኖው ይነበባል። ገመዱ የነበረበት ቦታ ላይ ጭጋግ አለ፤ የጭስ ቁራጭ የመሰለ ነገር።

«ምን ልታነሣ ነበር?» አለኝ።

«ገመዱን።»

ሳቀ። «ይሄ ዕቃ ከአንድ ሜትር ወዲህ አያይም። አታውቅም?»

«መች ነገሩኝ?»

«መች ጠየቅኸኝ? አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለህ ብታነሣው ኖሮ፣ እኔ በማጉያዬ ክሩን አንድ በአንድ አወጣልህ ነበር።»

«እንዴት ይህን ያህል ነገር ይደብቁኛል?»

«ሙያ በልብ ነው፣ ወንድሜ» አለና ፎቶዎቹን ፖስታ ውስጥ ከተተልኝ።

ሙያ በልብ ነው! በዚህች ተረት ስንት ሰው እንደተቀበረ አምላክ ይቁጠረው። ሐኪሙ በልቡ፣ መካኒኩ በልቡ፣ ፎቶ አንሺው በልቡ ይዞ ይሞታል፤ እኛ ደጅ ላይ ቆመን «ጋሼ ያሳዩኝ» እንላለን። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች የቀረችኝ። ከአንድ ሜትር አትቅረብ። ብትነገረኝ ከአፉ ምን ይጎድል ነበር?

ስብሰባው መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ካቦው ተነሥቶ ገመዱ አዲስ እንደነበረ፣ ዊንች ነጂው ሆን ብሎ እንዳንገጫገጨው ተናገረ። አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። ጓደኛዬ ስለ ዝገቱ ሲናገር ካድሬው አቋረጠው።

«ማስረጃ?»

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። ፎቶዎቹ እንዴት እንደወጡ ልነግረው ጊዜ አላገኘሁም ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁትን ተስፋ እስከ ዛሬ ከዓይኔ ማውጣት አልቻልኩም። ተነሣሁና ፖስታውን ለካድሬው ሰጠሁ። ምናልባት እሱ የተሻለ ያያል አልኩ መሰለኝ፤ ሰው ሲጨንቀው ጅል ነው።

ካድሬው አንዱን ፎቶ ወደ ብርሃን አነሣው። «ገመዱ የታለ?»

«እዚህ ጋ፣ ጓድ። ይሄ ጥቁሩ።»

«ይሄማ ጥላ ነው።» ወደ ሰዉ አዞረው። «መፈክሩ ግን ጥሩ ተነሥቷል። ጓዶች፣ ይነበባል?»

«ይነበባል!» አለ ሰዉ። አብረውኝ ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ሳቁ። ካቦው ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ከዚያ ካድሬው መሳቁን አቆመ። «ወደብ ውስጥ ካሜራ ማን ፈቀደልህ?»

ጓደኛዬ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «እኔ ነኝ አምጣ ያልኩት። እሱ ምንም አያውቅም» አለ።

ዝም አልኩ። ይህን ነው ከሁሉ በላይ የምጠላው። ካቦውን እጠላዋለሁ፣ ካድሬውን እጠላዋለሁ፣ ያንን ቆጥቋጣ ፎቶ ቤት እጠላዋለሁ፤ ግን ያን ቀን ዝም ያለው አፍ የእኔ ነው። ካሜራ ማስገባትም በጥፋቱ ላይ ተጨመረለትና ወሰዱት።

ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እኔ ፎቶ ማንሣት ተማርኩ። በቁጭት ነው የተማርኩት። አንድ ሜትር ሲባጎ ለክቼ ካሜራዋ ላይ አሰርኩ፤ ከሲባጎው ጫፍ ወዲህ ማንንም አላነሣም። ለሰው ፊት የቅርቡን ዓይን አጋጥማለሁ፤ ግድግዳውን፣ ታርጋውን፣ ጽሑፉን እርግፍ አድርጌ ተውኩ። የጠየቀኝን ሁሉ አሳያለሁ፤ ያልጠየቀኝንም ጎትቼ አሳያለሁ።

ሲፈታ ዊንቹን ሌላ ሰው ይነዳው ነበር። አርባ ዓመት አልፎት የከባድ መኪና ረዳት ሆነ። አንድ እሑድ ሜዳው ላይ አገኘሁት፤ ከስቷል፣ ጥርሱ ጎድሏል። ላንሣህ አልኩት። እሺም እምቢም ሳይል ጎማው ላይ ተደግፎ ቆመ። ለክቼ፣ ዓይኑን አጋጥሜ ተጫንኩ።

ፎቶውን በሚቀጥለው ጉዞው ሰጠሁት። ቅንድቡ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ግንባሩ ላይ የነበረው አቧራ እንኳ ይታያል። ትኩር ብሎ አየው።

«አሁንማ ተማርክ» አለኝ።

«ተማርኩ።»

«ፀጉር ቆራጭ በድሃ ራስ ላይ ነው የሚማረው» አለና ፎቶውን በደረት ኪሱ ከተተው።

ወዲያው ልጁ የሚሆን ሾፌር ከጋቢናው አንገቱን አወጣና ጮኸበት።

«ረዳት! ታኮውን አንሣ እንጂ!»

«መጣሁ፣ ጌታዬ» አለ ጓደኛዬ፣ ጎንበስ ብሎ ታኮውን ከጎማው ሥር እየጎተተ።