ወይዘሮ ዘነቡ ያለቀሱበት ካሴት

ዓይኔን በጨርቅ አስራችሁ የቪዲዮ ካሴት አፍንጫዬ ስር ብታደርጉልኝ፣ ውስጡ ያለው የትኛው የህንድ ፊልም እንደሆነ በጠረኑ ብቻ እነግራችሁ ነበር። አታምኑኝም፤ አውቃለሁ። ሚስቴም አታምነኝም፣ እሷ ነዳጅ ቀድቼ መጣሁ ስላት እንኳን አታምነኝም።

ነገሩን ያስታወሰኝ ጀማል ነው፤ እዚህ ዓረብ አገር፣ ሙስካት፣ ቁሩም የሚባለው ሰፈር፣ እኔ በሹፌርነት ከምሠራበት ቤት አጠገብ ያለው ቪላ ዘበኛ፣ እንደኔው የኮምቦልቻ ልጅ። የቪላው ልጆች አድገው የጣሏትን፣ በሁለት እጅ የምትያዝ የጌም መጫወቻ ማዳም ሰጥታዋለች። በር ላይ ስልክ ማፊ ነው፣ አይፈቀድም፤ መጫወቻ ይዞ የተቀመጠ ዘበኛን ግን እንደ ሞኝ አይተው ያልፉታል። ስለዚህ ሚስቱ ከአገር ቤት የላከችለትን የልጁን የሀያትን ቪዲዮዎች እዛ ላይ ሊጭን አሰበ። ስልኩ እንደሆነ ባትሪው አብጦ ጀርባው ተከፍቷል፣ ዛሬ ነገ እያለ ነው፤ እሱ ከሞተ ቪዲዮዎቹም አብረውት ይቀበራሉ። ጀማል ልጅቷን ጨቅላ ሆና ትቷት ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰም፤ ያደገችው እዛች ስልክ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

«ጋሼ፣ ይህቺ ነገር እምቢ አለች፤ ወላሂ ጭኜባታለሁ፣ ባዶ ነኝ ትላለች» ብሎ አመጣልኝ። ፀሐይ ላይ ቆይታ ግላለች። ከጀርባዋ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ሲወጣ፣ እኔ ከቁሩም ተነስቼ ኮምቦልቻ፣ ጋሽ ይማም ቪዲዮ ቤት ገባሁ።

ጋሽ ይማም ቪዲዮ ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ መስኮቷ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ፣ ስትገባ የአግዳሚው ጫፍ ጉልበትህን ሳይመታህ የማያሳልፍህ ጨለማ ክፍል ነበረች፤ የካሴት ማጫወቻው ዴክ ሲግል በካርቶን ይራገብለታል፣ ምስሉ ሲበላሽ ደግሞ ውስጡ በአረቄ ይጠረጋል፣ አረቄ በዞሩበት የማያልፉት ጋሽ ይማምም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጠርሙሱን ያቀብሉኛል። ያኔ ልጅ ሆኜ የካሴቶቹ አለቃ እኔ ነበርኩ። ከፊልሞቹ አንዱም ስሙ አልተጻፈበትም፣ ቢጻፍበትም ህንድኛ የሚያነብ አልነበረም፤ እኛ ሰፈር ፊልም የሚጠራው ባለቀሰበት ሰው ነው። «አንተ! ወይዘሮ ዘነቡ ያለቀሱበትን አምጣ!» ይሉኛል፣ አመጣለሁ። የወፍጮ ቤቱ ጌታ የተንሰቀሰቀበት አለ፣ ፖሊሱ ኮፍያውን ፊቱ ላይ የደፋበት አለ፣ ማንም ያላለቀሰበት ደግሞ አንድ ነበር፣ እሱ ላይ የሠርግ ዘፈን ተቀዳበት። ሰዉ የወደደውን ካሴት ተከራይቶ ቤቱ ይወስዳል፣ ካሴቱም የቤቱን ጠረን ይዞ ይመለሳል፤ የወይዘሮ ዘነቡ በርበሬ በርበሬ፣ የወፍጮ ቤቱ ዱቄት ዱቄት ይላል። እኔ በጨለማ እጄን ሰድጄ፣ አሽትቼ፣ አውጥቼ እከታለሁ። እንዲህ ያለ አፍንጫ ወሎ ውስጥ አልነበረም፤ ከወሎ ውጭማ ማን ሞክሮት!

የህንድ ፊልም ረጅም ነው፣ ሁለት ካሴት ይሞላል፤ አንድ የኢድ ቀን ታዲያ አፍንጫዬ ጉንፋን ያዘውና ሁለተኛውን ካሴት አስቀድሜ ከተትኩት። የፊልሙ ሰውዬ ገና ስሙን ሳናውቀው ሞተ፣ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ቀጥሎ የመጀመሪያው ሲገባ ሰውየው ተወለደ፣ አደገ፣ ዛፍ እየዞረ ዘፈነ፣ ሰዉ እያጨበጨበ ወጣ። ጋሽ ይማም ጆሮዬን ሊይዙ የዘረጉትን እጅ መለስ አድርገው «ሰው ከቤቴ እየሳቀ ሲወጣ ዛሬ አየሁ» አሉና፣ ከዚያ በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር ፊልሙ ከኋላ እንዲጀመር አዘዙ። ግኝቱ የእኔ መሆኑ ግን እስከዛሬ የትም አልተነገረም።

የጀማልን መጫወቻ እንዴት እንዳሸነፍኳት ልንገራችሁ፤ ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፣ እልህ ነው ያስተማረኝ። ጀማል ቪዲዮዎቹን «ሀያት ስትስቅ»፣ «ሀያት ጥርሷ ወልቆ» እያለ በአማርኛ ሰይሟቸው ነበር፣ መጫወቻዋ ደግሞ ለካ ስም አትወድም፤ አንዲት የራሷ ፎልደር ውስጥ ካልገቡላት፣ ስማቸውም እሷ ከምታውቃቸው የፈረንጅ ፊደላት ጀምሮ በቁጥር ካላለቀ፣ ዓይኗ እያየ የሉም ትላለች። በአሮጌ ላፕቶፔ አንድ በአንድ ስም እየነጠቅኩ ቁጥር ሰጠኋቸው። ተራቸውንም ስልኩ ደባልቆት ነበርና በጥርስ ደረደርኳቸው፤ ጥርስ የሌላት መጀመሪያ፣ ሁለት ያበቀለችው ቀጥሎ፣ ፊት ለፊቱ የወለቀባት መጨረሻ። ስልኩ በዚያው ሰሞን ሞቶ ቀረ፣ ልጅቷ ግን ተርፋለች።

ጀማል በሩ ላይ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አየና መጫወቻዋን መልሶ ዘረጋልኝ። እኔ ምርቃት ስጠብቅ፣

«ጋሼ፣ ገልብጠው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ከትልቋ ይጀምር። የመጀመሪያው ላይ ያቀፍኳት እኔ ነኝ። አንተ እንደደረደርከው እያደገች ትሄድብኛለች፤ ስትገለብጠው ግን እየመጣች፣ እየመጣች፣ እቅፌ ውስጥ ያበቃል።»

ይሄ እኮ የእኔ ፈጠራ ነው፣ ኮምቦልቻ ከአንተ በፊት ሞክሬዋለሁ ብዬ ጎረርኩበት፣ እንደገና ቁጭ ብዬም ሁሉንም ቁጥር ገለበጥኩ።

ጋሽ ይማም አርፈዋል፤ ክፍሏም አሁን የስልክ ካርድ ይሸጥባታል አሉ። ካሴቶቹ የት እንደተጣሉ የሚያውቅ የለም። የዛሬ ፋይል ጠረን የለውም፤ ብታሸተው ያው የእጅህን ላብ ነው። መጫወቻዋም የመጨረሻው ቁጥር ላይ ማን እንዳለቀሰ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ፣ ግን የሰው ገመና ነው።

ካላመናችሁኝ ኮምቦልቻ ውረዱ፤ ወይዘሮ ዘነቡ በሕይወት አሉ፣ ስለ አፍንጫዬ ጠይቋቸው። ያ ከራቃችሁ ቁሩም ኑ፣ ጀማል በሩ ላይ አለ። ብቻ መጫወቻዋን ይዞ ካገኛችሁት አትጥሩት፤ ልጅቷ እስክታንስለት ድረስ ቆማችሁ ጠብቁት።