ከእናት የመጣ ወረንጦ

የዓይን ቆብ ስገለብጥ እጄ አይንቀጠቀጥም። ጉራ አይደለም፤ አሰላ ተወልጄ ያደግኩ ነርስ ነኝ፣ የአርሲን ብርድና አቧራ የቻለ ዓይን ስንቱን አይቻለሁ። አሁን የምሠራበት ምርምር አንድ ጥያቄ አለው። እናት በትራኮማ ምክንያት ዓይኗ ለዓመታት ሲቆጣባት፣ ያ መቆጣት በሰውነቷ ውስጥ የሚተወው ምልክት ለልጇ ይተላለፋል ወይ? ዘርን የሚያወርሰው ጂን ራሱ አይለወጥም፤ አሠራሩ ግን ሊለወጥ ይችላል። ለዚህ ነው ከእናትም ከሴት ልጅም ናሙና የምንወስደው።

ከሁሩታ ወጣ ባለች መንደር አንዲት እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ናሙና ወደምንወስድበት ጤና ጣቢያ መጡ። ባልደረባዬ ዓይናቸውን አየና፣ "ጠባሳ አለ፤ ዓይን የሚወጋ ሽፋሽፍት ግን የለም። ቀዶ ጥገና አያስፈልግም" አለ።

"ሞኝህን ፈልግ!" አልኩት። እዚህ ሐኪም ፊት ሴት የምትቀርበው ተሰናድታ ነው፤ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ቀይራ፣ የሚወጋትንም ፀጉር ነቅላ። አንገታቸው ላይ በጥቁር ክር የታሰረ ወረንጦ አይቻለሁ።

"እማማ፣ ዛሬ ነቅለዋል?"

"ታዲያስ! ሰው ፊት እንባዬን እያዘራሁ ልቅረብ? ልጄ ናት የነቀለችልኝ፣ እጇ ጎበዝ ነው።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?"

ሳቁ። በማጉያ መነጽር ሳይ ግን የተሰበሩት አጫጭር ፀጉሮች ብሌናቸውን መጫር ጀምረዋል። እንዲህ ከቀጠለ ዓይናቸው እንደሚጠፋ፣ ቀዶ ጥገናው አጭር እንደሆነና እዚያው ጤና ጣቢያ እንደሚሠራ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

እምቢ አሉ። "ወረንጦው የእናቴ ነው። እሷም ስትነቅል ኖራ፣ ዓይኗ ጠፍቶ ነው የሞተችው። የዘራችን ነው ልጄ፤ በዘር የመጣ በምላጭ ይሄዳል? ከእኔ ደግሞ ለእሷ ነው።" ልጅቷ መሬት መሬቱን ታያለች።

ንድድ አለኝ። የዘርን ነገር ስመረምር የምውል ሰው፣ ያው ነገር ከሕክምና ሲያስቀራቸው ቆሜ ልይ? የልጅቷን የዓይን ቆብ ገለበጥኩ። ቀልቷል፤ ጠባሳ ግን አልያዘም።

"እማማ፣ የእሷ በኪኒን ይድናል። ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፍ ምልክት ይኑር አይኑር ገና አላወቅንም፤ ምርምሩ አላለቀም። በአንድ ነጠላ ጫፍ ዓይናችሁን ስትጠርጉ በሽታው እንደሚጋባ ግን አውቃለሁ። እሱን ማቆም ይቻላል።"

"ለእሷ ይቆማል?"

"ይቆማል! ኪኒኗን ትውሰድ፣ ፊቷን በራሷ ፎጣ ትጥረግ።"

እናትየው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "እንግዲያው የእኔንም ሥሩት" አሉ። "እኔን በበትር ስትመራ ቤት አትቀርም።"

በማግስቱ ፋሻውን የፈታሁላቸው እኔ ነኝ። ዓይናቸውን አርገብገብ አደረጉ፣ ምንም አልወጋቸውም። "እሰይ!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ደስታዬን መደበቅ አላውቅበትም። ልጅቷ ለቀዶ ጥገናው ወልቆ እሷ ዘንድ ያደረውን ወረንጦ አውጥታ አንገታቸው ላይ ልታስርላቸው ጠጋ አለች። እጇን ያዟት።

"ተዪው።"

"አዮ፣ ኋላ ለአንቺ ነው ስትዪኝ አልነበር?" አለች እናቷን።

እናት የልጃቸውን ዓይን ትክ ብለው አዩ።

"ኧረ ወዲያ! ለአንቺ ምን ያደርግልሻል?"