ፀሐይ የመታው ወይን

የሺአረግ ከሐሙሲት መጥታ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል በአስተናጋጅነት ስትቀጠር የተማረ ሰው ታከብር ነበር። ክራቫት ያሰረ ሲገባ ድምፅዋ ዝቅ ይል ነበር። ያን ክብር ያስተዋት ወይን ነው።

ሔራን የምትባል አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጥታ አስተናጋጆቹን ለሦስት ሳምንት ስለ ወይን አስተማረች። ሌሎቹ አስተናጋጆች ቡሽ አከፋፈት ተምረው ወጡ። የሺአረግ ግን ሽታ መለየት ጀመረች፤ ከአንዱ ብርጭቆ የበሰለ ዘይቱን፣ ከሌላው ዝናብ የነካው አፈር አገኘች። ከሁሉ የወደደችው ግን ታሪኩን ነበር። ውርጭ በመጣበት ዓመት የውጭ አገር ገበሬዎች በወይን ተክሎቻቸው መካከል እሳት እያነደዱ ምርታቸውን እንዳዳኑ ስትሰማ፣ ውርጭ ሽምብራውን የፈጀበትን አባቷን አሰበች። ለፋሲካ አገሯ ስትገባ ታሪኩን ነገረችው። አባቷም፣ "ጭሱስ ፍሬውን አያበላሸውም?" አላት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሆቴሉ እንግዶች አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። የእነሱ ጥያቄ "ውዱ የትኛው ነው?" ነው። ያመጣችላቸውን ቀይ ወይን በኮካ በርዘው፣ በረዶ ጨምረው፣ ከብርጭቆው ጋር ፎቶ ተነሥተው፣ ግማሹን ትተውት ይሄዳሉ። የሆቴሉ ባለቤት አቶ አካሉም ከእነሱ አይሻልም። መንገደኛ እንዲያያቸው ብሎ ጠርሙሶቹን ሁሉ መስኮቱ ላይ ደርድሯቸው የሚያዝያ ፀሐይ ሲያነድዳቸው ይውላል።

"ጋሼ፣ ወይኑን ፀሐይ ይገድለዋል፤ ጨለማ ቦታ እናስተኛው" አለችው።

"ካልታየ ማን ይገዛዋል?" አላት።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ አቶ ደሞዝ የሚባል የቢሮ ኃላፊ ሹመቱን ሊያከብር ሰባት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ መጣ። ይህ ሰው ለአሥር ቀን ሥልጠና ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ተመልሷል፤ ከሥልጠናው የቀረለት እንደ ወይን ቀማሾች ብርጭቆ ማሽከርከር ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ካሉት ትልቁን ጠርሙስ መረጠ። የሺአረግ ከፍታ ስታሸተው ሆምጣጤ ሆኗል።

ጠጋ ብላ፣ "ይቅርታ፣ ይህ ተበላሽቷል። አሽትቼ አወቅሁት፤ ሌላ ላምጣልዎ" አለችው።

"አንቺ ነሽ እኔን ወይን የምታስተምሪኝ?" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ብርጭቆውን አሽከረከረ፤ ተጎነጨ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ኮምጠጥ የሚለው መነኮሳት ተራራ ላይ ስለሚጠምቁት ነው። የሦስት መቶ ዓመት ጥበብ ነው።"

ጠርሙሱ ላይ ስለ መነኮሳት አንድም ቃል አልተጻፈም። ሰባቱም ግን በየተራ ቀመሱ፤ ፊታቸው ተጨማደደ፤ "ግሩም ነው" አሉ። አንዷማ ጣዕሙ የሚገባው ለጥቂት ሰው ነው አለች። ከመካከላቸው ዲግሪ የሌለው አልነበረም። አቶ ደሞዝ ከዚያው ወይን ሁለት ጠርሙስ አስጨመረ። የሺአረግ እስከ መጨረሻው ጠብታ ቀዳችላቸው፤ ሲጠጡም ቆማ አየቻቸው። የተማረ ሰው ፊት ድምፅዋን ዝቅ ያደርገው የነበረው ፍርሃት እዚያው ወጣላት።

አካሉ በሽያጩ ተደስቶ የመነኮሳቱን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ እንድታወራ አዘዛት።

"ውሸቱን እርስዎ ያውሩ፤ እኔ ጠርሙሱን እከፍታለሁ" አለችው።

በሳምንቱ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አዛወራት። በወሩ ለቀቀች።

አሁን በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት የመጠጥ ኃላፊ ናት። ወይኑን ከደረጃው ሥር፣ ጨለማ ውስጥ አስተኝታ ታስቀምጣለች። ወይን በኮካ ሊበርዝ የተነሣ እንግዳ ስታይ ቢራ እንደሚሻለው በትሕትና ትነግረዋለች። ጉርሻዋ ከጓደኞቿ ያነሰ ነው፤ ኩራተኛ የሚሏትም አሉ፣ አታስተባብልም። በቀደም አንድ ባልና ሚስት ገብተው ወይን ቀምሰው እንደማያውቁ ሳያፍሩ ነገሯት። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።