የወንድሜ የፕላስቲክ ዳሌ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አራት ነን፦ ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ደሳለኝ፣ ሟች እናታችን፣ እኔ፣ እና ያኔ ገና ያልተወለደችው ልጄ ሕይወት።

ሕይወት ባለፈው እሑድ ከአዲስ አበባ ደወለች። የምትመራመረው ለሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በሚሆን ፕላስቲክ ላይ ነው። «አባዬ፣ ቫይታሚን ኢ ሲቀላቀልበት ቶሎ አያረጅም» አለችኝ። ጎበዝ አልኳት። ልጅን ብዙ ማሞገስ አልወድም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን የወንድሜ ዳሌ ትዝ አለኝ።

ወንድሜ ከበቅሎ ወድቆ ዳሌው ሲቀየር እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። የተገጠመለት የብረት ኳስ የሚዞረው እንደ ስኒ በጎደጎደ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ሐኪሙ፣ «ከሰገዱ ወይም ካሸበሸቡ ቶሎ ተበልቶ ያልቃል» አለው። ወንድሜ ትእዛዝ አክባሪ ነው፤ ስግደቱንም ማኅሌቱንም ተወ።

አንድ የስቅለት ዕለት ገነተ ማርያም አብሬው ሄድኩ። መንገዱ አቧራ፣ አፋችን ደረቅ፣ ሆዳችን ባዶ ነበር። ሕዝቡ ሲወድቅ ሲነሣ እሱ ብቻውን መቋሚያውን ተደግፎ ዛፍ ሥር ቆመ።

አንድ የድሮ ጓደኛው፣ «መሪጌታ፣ ያ ፕላስቲክ ታቦት ሆነ እንዴ፣ ጭራሽ አይነካም?» አለው። ሰው ሳቀ።

ወንድሜም ሳቀና፣ «ሲያልቅ ሌላ የምታስገባልኝ አንተ ነህ?» አለ።

ማምሻውን ቄሱ የሰውን ጀርባ በወይራ ቅጠል መታ መታ እያደረጉ ስግደት ሲያዙ እሱም ተሰለፈ። «እርስዎ ይቅርብዎ፤ ቤትዎ ተቀምጠው ዳዊት ይድገሙ» አሉት፣ በደግነት።

ጀርባውን እንደ ሰጠ ቆየ። «ግዴለም አባ፣ ብቻ ይንኩኝ» አለ።

ነኩት። ከዚያ ወዲያ ስቅለትን ቤቱ ዋለ።

ያም ሆኖ ፕላስቲኩ አለቀ። በሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ሐኪሙ አሳየኝ፤ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፣ ፀሐይ ላይ የከረመ ጄሪካን ይመስላል።

«አንድ ቀን እንኳ አልሰገደም» አልኩ።

«የዚያን ጊዜው ፕላስቲክ ጀርም እንዲሞት በጨረር ይመታ ነበር» አለ ሐኪሙ። «ኋላ አየር ሲያገኘው ከውስጡ ያረጃል። ያኔ ይህን አላወቅንም።»

ለወንድሜ ነገርኩት። «እንግዲያ ብሰግድም ባልሰግድም ያው ነበር?» አለኝ።

«ያው ነበር፣ አያ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለተኛው ዳሌም አልሰመረለትም፤ ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልቆመም።

ልጆቼን ታዘዙ ብዬ አሳድጌያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። የሚያዝ ሰው ግን የማያውቀውን አላውቅም ይበል። ትናንት ለሕይወት ደውዬ ይህንኑ አልኳት።

ሒሳቡ ሲደመር ይህ ነው፦ ወንድሜ ማኅሌቱን አጣ። እናታችን ልጇን መልሳ ከሰው መሀል ሳታየው ሞተች። ሕይወት አጎቷን ቆሞ አይታው አታውቅም። እኔም በየዓመቱ ስቅለት ላይ አጎንብሼ ቀና ስል፣ በግራዬም በቀኜም የማላውቀው ሰው ነው።