መቅዘፊያ የሌላት ጀልባ

ባለፈው ሳምንት ሦስት ወጣቶች ከሐይቅ ከተማ ደሴ ድረስ መጥተው ቤቴን አንኳኩ። የሳይንስ ልቦለድ ወዳጆች ናቸው። በቴሌግራም ተሰባስበው ታሪክ የሚነበብበት፣ ሥዕል የሚታይበት፣ ስለ መጪው ዘመን ክርክር የሚካሄድበት የአንድ ቀን ጉባኤ ሊያዘጋጁ ነው። «የመጀመሪያውን ያዘጋጃችሁት እናንተ ናችሁ ሲሉ ሰማን፤ መክፈቻውን እርስዎ ይናገሩልን» አሉኝ። ሻይ እየቀዳሁላቸው የት እንደሚያደርጉት ጠየቅኩ። «ሐይቁ ዳር» አለች አንደኛዋ። ስኒው ሞልቶ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ እስኪፈስ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአምባሰል ገጠር ወርጄ፣ ሐይቅ ከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እማር ነበር። እማር ነበር ልበል እንጂ ልቤስ ሌላ ዓለም ላይ ነበር። እንደኔው ልባቸው የሸፈተ ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ፤ እንድሪስና ዘሃራ። ጠርዛቸው የተበላ የትርጉም መጻሕፍት እየተዋዋስን፣ ስለ ሩቅ ዓለማት እየተከራከርን ምሳችንን እንረሳ ነበር። ጨረቃ ላይ የሚኖር ሰው ረመዳንን የትኛዋን ጨረቃ አይቶ ይይዛል የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሦስት ቀን ፈጅቶብናል። ዘሃራ አባቷን ጠይቃ ስትመለስ፣ «አንቺ መጀመሪያ እዚህ ምድር ላይ ያለውን በደንብ ጹሚ» ብለዋት ነበር።

ጉባኤውን እናዘጋጅ ያለው እንድሪስ ነው። የሚያዘን የለ፣ የሚከፍለን የለ፤ ሦስታችንም በጎ ፈቃደኛ ነን። ለቀበሌ ደብዳቤ ጻፍን፤ ከእድር አግዳሚ ወንበሮች ተዋስን፤ የሣልናቸውን ሥዕሎች ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ወደ ጎረቤቱ ዋርካ በገመድ ሰቀልን። ወሩ ጥቅምት ነበር። ዝናቡ አልፎ ሜዳው አደይ በአደይ ሆኗል፤ ከከተማ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ጭቃው ደርቆ ለእግር ተመችቷል። ዓሣ ጠባሾቹ ብዙ ሰው እንደሚመጣ ሰምተው ከጧት ጀምሮ ዘይት ጥደዋል። ዛሬም የተጠበሰ ዓሣ ሲሸተኝ መንገድ እቀይራለሁ። ምግቡ ምን አደረገኝ፤ ቀኑ ነው እንጂ።

ለመክፈቻው ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ በሐይቁ ላይ ብቅ እንዲል አሰብን። እንግዳው እንድሪስ ነው። ልብሱን ከማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተን የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ለጠፍንበት። ራሱ ላይ መስኮት የቆረጥንለት ነጭ ጀሪካን አጠለቅንለትና እንዳይወልቅ ዘሃራ ዙሪያውን በወፍራም ክር ከልብሱ ጋር ሰፋችው። ጀልባዋ አሮጌ የጣውላ ጀልባ ናት፤ እሷንም በቆርቆሮ ሸፈንናት። ዘሃራ በዋርካዎቹ በኩል ውኃው ዳር በበቀለው ረጅም ደንገል ውስጥ ተደብቃ በረጅም ገመድ ትስባታለች፤ ጀልባዋ በራሷ የምትሄድ ትመስላለች።

«መቅዘፊያ ግን ከሥሩ እናስቀምጥለት» አለች ዘሃራ።

«የጠፈር መንኮራኩር በመቅዘፊያ ሲሄድ የት አየሽ? ቢታይብን ጉድ ነው!» አልኳት። መቅዘፊያውን ከጀልባዋ አውጥቼ ሣሩ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ።

ይኼም አልበቃኝም። ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ሲሞላ ድምፅ ማጉያውን ይዤ ቆምኩ። «እንግዳችን ቋንቋችንን አይችልም። ቢጮህም፣ እጁን ቢያወራጭም፣ ሰላም ማለቱ ነው። ሞቅ አድርጋችሁ አጨብጭቡለት!» አልኩ። ከፊት ወንበር የእንድሪስ እናት ተቀምጠዋል። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ልጃቸው መሆኑን ስለሚያውቁ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል።

ጀልባዋ ከወዲያ ማዶ ካለው ደንገል ወጣች። ሕዝቡ በአንድ ላይ «ውይ!» አለ። ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ስታርፍ ዓይን ትወጋለች፤ እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋ ወደኛ መምጣቷን ትታ ፊቷን ወደ ሐይቁ መሐል አዞረች። እንድሪስ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ዘሃራ ከደንገሉ እየሮጠች ስትመጣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ ነበር። የገመዱን ጫፍ ይዛለች።

«ተፈታ! ገመዱ ባዶውን መጣ! ጀልባዋ ውኃ እያስገባች ነው!»

እንድሪስ ዋና አይችልም። ቢችልስ በዚያ ልብስ እንዴት ይዋኛል? እጆቹን ሲያወራጭ፣ ጀሪካኑን ሲጎትት አየሁት፤ ድምፁ ግን እንደ ታፈነ ነገር ነው። ድምፅ ማጉያውን አንሥቼ «ጨዋታ አይደለም! እየሰመጠ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ጭብጨባው ባሰ። እናቱ ብድግ ብለው እልል አሉ። ያንን እልልታ ስሰማ ድምፅ ማጉያውን ጣልኩ። ልጃቸው ዓይናቸው እያየ ሊሞት ነው፤ እንዲያጨበጭቡለት የነገርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ዓሣ አጥማጁ ጋሼ ይማም ዳር ላይ መረባቸውን እየጠገኑ ነበር። የደንገል ታንኳቸው አጠገባቸው ናት። ሮጬ እግራቸው ሥር ወደቅኩ።

«ጋሼ ይድረሱልኝ! እንድሪስ ሊሰምጥ ነው!»

«ኧረ ተወኝ አቦ!» አሉ እየሳቁ። «እንግዳው ይጮሃል፣ ውሸቱን ነው ያልክ አንተው አይደለህም ወይ? አሁን ደሞ እኔን ልትጨምረኝ ነው?»

«የአሁኑ እውነት ነው!»

ሳቃቸውን አቆሙና ፊቴን አዩኝ። የአምባሰል ልጅ መሆኔን፣ ከየትኛው ቤት እንደወጣሁም ያውቃሉ።

«እስቲ ግሸንን በል!»

«ግሸን ማርያምን! ይሞታል ጋሼ፣ ግሸን ማርያምን!»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። «ያረቢ!» ብለው መረቡን ጣሉና ታንኳዋን ገፏት። እሳቸው እስላም ናቸው፤ እኔ ግን በግሸን ስም በጨዋታ እንደማልምል አልጠፋቸውም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩ ይመስለኛል። ጀልባዋ እየሰመጠች፣ እየሰመጠች ሄዳ የሚታየው ነጩ ጀሪካን ብቻ ሆነ። ጭብጨባውም ቀስ በቀስ ጠፋ። የእንድሪስ እናት ወደኔ ዞረው «ምነው አንተ ልጅ?» አሉኝ። ዘሃራ እጄን ጨምድዳ ይዛ ዱዓ ታደርጋለች፤ እኔም የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እቀላቅላለሁ። ጋሼ ይማም ደርሰው አንገቱን ሲይዙት፣ የዓሣ ቢላዋቸውን አውጥተው ክሩን ሲበጥሱት አየሁ። ጀሪካኑ ብቻውን ሲንሳፈፍ ግን እንድሪስ የሰመጠ መሰለኝና ጮህኩ።

በሕይወት ወጣ። ከንፈሩ አመድ መስሎ፣ ውኃ እያስመለሰ ሣሩ ላይ ተኛ። እናቱ ነጠላቸውን አልብሰውት፣ ማንንም ሳይሰድቡ፣ ማንንም ሳያዩ ይዘውት ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔና እንድሪስ ዛሬም ወዳጆች ነን። ሐይቅ ከተማ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፤ የልጆች አባት ሆኗል። ስለዚያ ቀን ያወራን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በሠርጉ ማግስት። «ጀሪካኑ ውስጥ ሆኜ ሁሉም ይሰማኝ ነበር» አለኝ። «እናቴስ አላወቀችም። እናንተ ግን ታውቁ ነበርና ተስፋ ያደረግኩት በእናንተ ነው። አንተ አላጨበጨብክም አይደል?»

«አላጨበጨብኩም» አልኩት።

ትከሻዬን መታ አድርጎ ሌላ ወሬ ጀመረ።

ለወጣቶቹ እሺ ብያቸዋለሁ። ጀልባ እንዳታስቡ፣ ሕዝቡንም ጩኸት ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳታስለምዱት፣ እርዱኝ ያለ ሰው ሁልጊዜ እውነቱን ነው በሉ ብዬ መክሬያቸዋለሁ። እንድሪስንም ጠርተውታል፤ ከፊት ወንበር ይቀመጣል። እኔ ስለዚያ ቀን ልናገር ነው፤ ያቺን ጭብጨባዬን እሱ ከሕዝብ ጋር ከመስማቱ በፊት ልነግረው ይገባል። ትናንት ደወልኩለት። ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅኩት፣ ደህና ዋል ብዬ ዘጋሁት።